ያለ ካርቡራቶር የተወለደችው መኪና

ከመልሱ የሚጠቀም ሰው ምክር አይጠየቅም፤ ተጠይቆ ቢመክር አይሰማም፤ ተሰምቶ ጥፋት ቢደርስ ደግሞ ጥፋቱ የመካሪው ብቻ አይሆንም። ከዚህ በታች የምተርከው ይህንኑ ያስረዳል። ነገሩን ያየሁት በስምንት ዓመቴ ነው፤ የተረዳሁት ግን በሃያ ስድስት ዓመቴ። በመካከሉ ባሉት ዐሥራ ስምንት ዓመታት፣ በጅቡቲ ከተማ ካሉት ሰዎች ሁሉ ደጉ፣ ትሑቱና ቅኑ ሐጂ ዘይድ ነው ብዬ አምን ነበር። ማመን ብቻ ሳይሆን ከሶላት በኋላ ስሙን እየጠራሁ ዱዓ አደርግለት ነበር። ያ ሁሉ ዱዓ የት እንደ ገባ የሚያውቀው አላህ ነው። በልጅነቴ «እርስዎ» እለው ነበር፤ ስለ ሥራው ስጽፍ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ።

መኪናዋ ነጭ ፔጆ 404 ነበረች። ድሬዳዋ ላደገ ሰው 404 ምን እንደ ሆነች ማስረዳት፣ ለዓሣ ውሃን እንደ ማስተዋወቅ ነው። ባለቤቷ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ሲሞት መኪናዋንና ነጅማ የምትባል አንዲት ልጁን ትቶ ሄደ። ሁለቱም ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 ሰፈር ወዳለው ግቢያችን መጡ። አባቴ ጀላሉዲን ጨርቅ ነጋዴ ነው። በክንድ ሲለካ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ አደራ የተባለ ነገር ሲነካ ግን ይንቀጠቀጣል።

«የራሴ ብትሆን ባሕር ውስጥ እጥላት ነበር፤ የየቲም፣ የሙት ልጅ ንብረት ናት» ይል ነበር፣ መኪናዋን በጨርቅ እየወለወለ።

ነጅማ ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ታጭታ ሰርጓ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። ስለ ልብስም ስለ ወርቅም ያነሣችው ነገር አልነበረም። ያስገባችው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ከዚህ ቤት የምወጣው በአባቴ መኪና ነው።» ከአባቷ የተረፈላት ሌላ ነገር ስላልነበረ ቃሉን የተቃወመ ሰው አልተገኘም።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር፣ ወደ አርታ ስንወጣ መኪናዋ ዳገቱ መካከል ፈላችና ቆመች። በገመድ ተጎትታ ግቢ ከገባች በኋላ አባቴ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘዘው። ጥቁር መሆን የሚገባው ዘይት ነጥቶ፣ ወፍሮ፣ ወተት መስሎ ወጣ። እኔም በማግሥቱ ለጎረቤት ልጆች መኪናችን መታለብ እንደ ጀመረች አወራሁ። ያመኑኝ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ጣሳ ይዞ መጣ።

አባቴ ነገሩን መጀመሪያ ያማከረው ባንቴን ነው። በዚያ ዓመት በድንበሩ ጦርነት ምክንያት የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ስለ ዞረ፣ ከተማው በከባድ መኪና ሾፌሮች ተሞልቶ ነበር። ባንቴ ከእነርሱ አንዱ ነው። በመጣ ቁጥር ለሚስቱ ለእታለም ጨርቅ ይገዛል።

«ጋሽ ጀላሉዲን፣ ያቺን አበባ ያላትን ይቁረጡልኝ እስቲ። ያለፈውን ወስጄላት መጋረጃ ነው ብላ መስኮት ላይ ሰቀለችው።»

«እሺ እቆርጥልሃለሁ። ግን አንድ ነገር ላማክርህ፤ ሞተር ትፈታለህ ይባላል።»

«ጋላፊ በረሃ ላይ መኪና ሲቆምብዎ የማይፈቱት ነገር የለም፤ ያላገጣጠምኩት ግን አለ» ብሎ እየሳቀ ተከተለው።

ጥፍሩ ውስጥ የመንገዱን ሁሉ አቧራ የያዘው ይህ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ አየ፤ የራዲያተሩን ክዳን ነቅሎ አሸተተ፤ ያንን ወተት በሁለት ጣቱ አሻሸው። ከዚያ ድንገት ሳቀ።

«ይቺ ደግሞ ካርቡራቶሯን የት አደረገችው?»

ስቆ ሲያበቃ ከአንድ ፓምፕ ተነሥተው ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ቀጫጭን ቧንቧዎች በጣቱ አንድ በአንድ ተከተላቸው፤ አራት ነበሩ።

«ታዲያ ምን ሆና ነው?» አለ አባቴ።

«አላውቅም።»

«እንዴት?»

«ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል የምትገባው ጓርኒሲዮን ተቃጥላ ሊሆን ይችላል፤ እርሷ ከሆነች ቀላል ነው። ከዚያ የባሰም ሊሆን ይችላል። ራሱ፣ ቴስታታው፣ ሳይነሣ አውቃለሁ የሚልዎ ሰው ካለ፣ ወይ ጠንቋይ ነው ወይ ሻጭ ነው።»

«አንተ ታነሣዋለህ?»

«እኔ ነገ ጭነቴን ይዤ እወጣለሁ። ደግሞ የመከረ ሰው ባይሠራው ይሻላል። ሌላ ሰው ያንሣው፤ ግን እዚሁ ግቢ፣ እርስዎ ቆመው እያዩ። ሞተሩ ከዚህ በር እንዳይወጣ። ይህን ፓምፕ ደግሞ ማንም እንዳይነካው። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፤ ያላወቅሁትን ነገር አላስጥልም።»

አባቴ ለድካሙ ሊሰጠው ቢል ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሄደ። የስምንት ዓመቷ ዳኛ ፍርዴን ወዲያው ሰጠሁ። ይህ ሰው በገዛ አፉ አላውቅም ብሏል፤ በሰው ችግር ስቋል፤ ሥራ ሲሰጡትም ሸሽቷል። ከዓመታት በኋላ ኡስታዜ «አላውቅም ማለት የእውቀት ግማሽ ነው» የሚለውን ብሂል ሲያስጠኑኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ሠላሳ ጊዜም ጻፍኩት። ባንቴ ግን ትዝ አላለኝም። መጽሐፍ ማጥናት ከሰው ማጥናት ይቀላል።

ሐጂ ዘይድ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነበር። የመለዋወጫ ዕቃና የአሮጌ ሞተር መጋዘን አለው። ጀለቢያው ሁልጊዜ እንደ ታጠበ፣ ሽቶው ከእርሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣ ሰው ነበር። ለእኔ ሁለት ከረሜላ ሰጠኝ። በእኔ ዘንድ የነበረውን ክርክር እዚያው ላይ ረታ።

እንደ ባንቴ እጁን አላቆሸሸም። ሞተሩ በቁልፍ እንዲነሣ አዘዘ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አዳመጠ። እንደ ሐኪም ነበር። ውሃና ዘይት የተቀላቀለበትን ሞተር አስነሥቶ ማዳመጥ፣ እግሩ የተሰበረን ሰው እስቲ ሩጥና ልይህ እንደ ማለት መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

«ኢናሊላሂ» አለ፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው።

እኔ አለቀስኩ።

«ፊኒ፣ አለቀለት፣ ጀላሉ። ሞቷል።»

እናቴ ጀዋሪያ ከደጃፉ ላይ ሆና፣ «ሐጂ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ለሞተር ኢናሊላሂ የሚባለው?» አለችው።

«ጀዋሪያ፣ ለጠፋ ነገር ሁሉ ይባላል።»

«እንግዲያው ቸኩለሃል፤ ገና አልጠፋም።»

ሐጂው ፈገግ ብሎ አለፋትና አባቴን በክንዱ ይዞ ወደ ሞተሩ አስጠጋው። «እስቲ ካርቡራቶሩን አሳየኝ። የታለ? አቦ፣ ካርቡራቶር የሌለው ሞተር ሰምተህ ታውቃለህ? ከፋብሪካው ጎድላ ነው የወጣችው። ወንድምህ፣ አላህ ይማረውና፣ ይህን ያህል ዓመት እንዴት እንደ ነዳት ይገርመኛል።»

በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የሰበረው ይህ ነው። ሌሎች መኪኖች ካርቡራቶር ይዘው ሲወለዱ የእኛዋ ሳይኖራት ቀርታለች፤ ለማንም ሳትነግር፣ ጉድለቷን ደብቃ ኖራለች። አጎንብሼ ኮፈኗን ሳምኳት።

እውነቱን ልናገር። የዚያች ሞተር ክብር ካርቡራቶር የሌላት መሆኑ ነበር። ቤንዚኑን በካርቡራቶር ከአየር ጋር ከመቀላቀል ይልቅ በዚያ ፓምፕ እየረጩ የሚሠሩ 404ዎች ጥቂት ስለ ሆኑ፣ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች አገር አቋርጠው ይፈልጓቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ በከተማው የነበረ ኮማንዳን የሚሉት ፈረንሳዊ የጦር መኮንን፣ ከሁለት ወር በፊት መኪናዋን ከአባቴ ሱቅ ደጃፍ ቆማ አይቷት፣ እንዲህ ያለ ሞተር ቢገኝ እገዛለሁ ብሎ ለሐጂ ዘይድ ነግሮት ነበር። ኮማንዳኑ በደለኛ አይደለም፤ የወደደውን ዕቃ ጠየቀ። ኢናሊላሂ ያለው እርሱ አይደለም።

አባቴ ግን ወዲያው እሺ አላለም፤ የባንቴ ቃል ሆዱ ውስጥ ነበር። ጉዳዩን ወደ መብረዝ አመጣው። መብረዝ የምንለው ወንዶቹ ከቀትር በኋላ ጫት የሚቅሙበትን ክፍል ነው፤ የእኛ ግቢ መብረዝ የድሬዳዋና የሐረር ነጋዴዎች ሸንጎ ጭምር ነበር። አቀማመጡ ሕግ አለው። ከላይ፣ ከማራገቢያው ፊት፣ ዱዓ የሚያደርገው ሰው ይቀመጣል፤ ከታች፣ ጫማ በሚወልቅበት በር ሥር፣ የመጨረሻው መጤ። በላይኛው መከዳ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው ሐጂ ዘይድ ነበር። እኔ ገና ልጅ ስለ ሆንኩ ከአባቴ ጉልበት አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ነጅማ ከመጋረጃው ጀርባ ታዳምጣለች።

ጫቱ ደርሶ፣ ያመጡት መኪኖች ጡሩምባ ሰፈሩን አናውጦ ካበቃ በኋላ፣ ዱዓው ሳይጀመር አባቴ ነገሩን አነሣ።

«ስለ ነጅማ መኪና አንድ ሌላ ሰውም አማክሬ ነበር። ሾፌር ነው፤ ሞተሩ አሁን ባይወርድ...»

«ማን? ምን አለ?» አለ ሐጂ ዘይድ ለስለስ ብሎ።

አባቴ ቃሉን ሲመርጥ እኔ ቀደምኩት።

«አላውቅም ነው ያለው!» አልኩ ጮኼ። «ሁለት ጊዜ!»

መብረዙ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ጉልበቱን መታ፤ ሌላው «አቦ፣ መልካም ሊቅ አግኝተሃል!» አለ። ሐጂ ዘይድ ከረሜላ ወረወረልኝ። አባቴም ሳቀ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻውን አለመሳቅ አይሆንለትም ነበር፤ ይሉኝታ ይህ ነው። የባንቴ ምክር በዚያች ሳቅ ውስጥ ሞተ፤ የገደለችውም የእኔ ምላስ ነበረች። ይህን ለማንም አላሳብብም።

ሐጂ ዘይድ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሁሉም ዘረጋ።

«ያ አላህ፣ ለወንድማችን ለጀላሉዲን ከሞተው የሚሻል ሞተር ስጠው!»

«አሚን!»

«ከአሮጌ ብረት ሐሳብ ገላግለው!»

«አሚን!»

«የየቲሟን ሰርግ በአዲስ ሞተር ድምፅ አድምቀው!»

«አሚን!» ከሁሉ የሚበልጠው ድምፅ የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ምን ይበል? የሐጂውን ምክር የሚቃወም ሰው ነበር፤ አሚን የተባለበትን ዱዓ የሚቃወም ግን አልነበረም። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ነጋዴ ዋጋ ሲጠራ ግማሹን ቀንሰን እንሰማለን፤ ያው ነጋዴ ያንኑ ዋጋ በዱዓ ውስጥ ቢጠራው እጃችንን ዘርግተን እንቀበላለን። ከመጋረጃው ጀርባ አሚን አልተሰማም። ስወጣ ነጅማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ የቀናችብኝ መሰለኝ።

በሳምንቱ ሦስት ሰዎች በሰንሰለት ሞተሩን አወረዱ። ከሐጂው መጋዘን የመጣው የናፍጣ ሞተር ስላልገጠመ የመኪናዋን የውስጥ ብረት በብየዳ እሳት ቆረጡላት። የናፍጣውን ዋጋ ሐጂ ዘይድ ተቀበለ፤ የድሮውን ሞተር ግን፣ «ብረት ነው፤ ግቢህን ከሚያጣብብብህ ልውሰድልህ» ብሎ በነፃ ጫነው። ያውም ሳይጭነው በፊት በብርድ ልብስ ጠቀለለው፤ ፓምፑን ደግሞ ለብቻው በፎጣ። ይህን ሳይ ለሟች ያለው አክብሮት እንባዬን አመጣው። ከፈኑት እንጂ አልጣሉትም ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ብርድ ልብሱን በሩን እስኪወጣ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

«ብረትም ይበርደዋል እንዴ?» አለች።

ግንቦት ነበር። ጅቡቲ ነበርን።

አዲሱ ሞተር ሲነሣ የኋላ መመልከቻው መስተዋት ተንቀጥቅጦ ወደቀ፤ ጎረቤታችን ብቅ ብሎ ጀልባ ገዛችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ነጅማ መሪውን ይዛ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እኔ የደስታ እንባ ነው ብዬ አብሬያት ፈነደቅሁ።

ባንቴ የተመለሰው በሐምሌ ነው። አባቴን ሱቁ ውስጥ ወደ ጥግ ሳበው፤ እኔ ከጥቅል ጨርቆቹ ጀርባ ነበርኩ።

«ጋሽ ጀላሉዲን፣ ያን ሞተር ምን አደረጉት?»

«ሞቷል ተባለ። ብረት ሆነ።»

«ትናንት ለመኪናዬ አንድ ነገር ላስቀርጽ ቶርኖ ቤት ገብቼ ነበር። ሞተ የተባለው በሕይወት አለ፤ በፓምፑ አወቅሁት። እንጨት ላይ አስቀምጠውት እየሠራ ነው፤ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው። ምኑ ነበር የተበላሸው ብላቸው፣ ያቺው ጓርኒሲዮን ብቻ ናት አሉኝ። የማን ነው ስላቸው የሐጂ ዘይድ አሉኝ። ሳጥን እየተመታለት ነው።»

አባቴ የያዘውን መቀስ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረው። «የየቲም ገንዘብ» አለ።

እኔ የተረዳሁት ግን አንድ ሰው ሞቶ መነሣቱን፣ ሳጥንም እየተዘጋጀለት መሆኑን ነበር። ሾፌሩ አላውቅም ከማለት አልፎ መቃዠት ጀምሯል ብዬ ደመደምኩ።

በማግሥቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ታላቃቸው አው አብዶሽ ነበሩ፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲናገሩም ዓይናቸው የሰውን ጫማ የሚያይ ሰው። ሐጂ ዘይድም ተጠርቶ መጣ። ክፍሉ ተዘጋ፤ እናቴ ውሃ ብቻ አስገባች። እኔ በመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ለሐጂው ደግነት ምስጋና ሊያቀርቡ መስሎኝ ነበር።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅህ» አሉ አው አብዶሽ። «ከዚህ ግቢ የወሰድከው ብረት ነው ወይስ ሞተር?»

የውሃ ብርጭቆ ሲነሣ ተሰማኝ።

«ሞተር ነው ካልክ» አሉ አው አብዶሽ፣ «የየቲም ንብረት በልተሃል። ብረት ነው ካልክ ብረት ነው።»

«ብረት ነው» አለ ሐጂ ዘይድ።

«ጥሩ። እንግዲያው ብረቱን መልስልን። በሩን ንፋስ እየዘጋብን ተቸግረናል፤ መደገፊያ እናደርገዋለን።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳሉ፤ ወይም ሳቁ። ከዚያ በኋላ እናቴ መጥታ በረዶ ግዢ ብላ ላከችኝ፤ ስመለስ ሁሉም ተነሥተዋል። እኔ የሰማሁት ለበር መደገፊያ ሲባል የአንድን ደግ ሰው ስጦታ መልሰው የሚጠይቁ ስስታም ሽማግሌዎችን ነው። ሐጂ ዘይድን ግን አደነቅሁት፤ ብረቱን በማግሥቱ መለሰ። ያውም ታጥቦ፣ አብረቅርቆ!

ይህ ሳይበቃው በዚያው ሳምንት ሌላ ደግነት ጀመረ። በየማለዳው አየር ማቀዝቀዣ ያላት መኪናውን እኛ በር ላይ አቁሞ ይጠብቀናል። እኔን ትምህርት ቤት፣ እናቴን ገበያ፣ ነጅማን ወደ ፈለገችበት ያደርሳል። መኪናችን እስክትጠገን ድረስ ነው ተባልኩ። የተቆረጠው ብረት መልሶ መበየድ፣ የሞተሩ መያዣዎችም በመርከብ መምጣት ነበረባቸው፤ አው አብዶሽ የመረጡት መካኒክ ደግሞ አላህ ለችኮላ ያልፈጠረው ሰው ነበር። አንዱን ብሎን ካሰረ በኋላ ያርፋል። አምስት ወር ፈጀ።

በእነዚያ አምስት ወራት ያየሁትን ትዕግሥት በሌላ ሰው አላየሁም። ነጅማን የመሰለ አስቸጋሪ ተሳፋሪም አላየሁም። ከኋላ ወንበር ተደላድላ ትቀመጥና፣

«ሐጂ፣ አርሂባ ሰፈር ውሰደን፤ ሎሚ እፈልጋለሁ» ትላለች።

«ሎሚ እዚህ ጥግ አለ፣ ልጄ።»

«የአርሂባው ነው የሚጣፍጠኝ።»

አርሂባ ደርሰን አንድ ሎሚ ገዝተን እንመለሳለን። በር ላይ ስንደርስ፣ «ውይ፣ ሐጂ! ለካ ሁለት ነበር የምፈልገው።» እርሱም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መኪናውን ያዞራል። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አያለሁ፤ መኪናው ውስጥ ግን ይበርድ ነበር።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «ሐጂ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኛን የሚያደርሱን?»

«ለአላህ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

ነጅማ ከኋላ እስክታነባ ሳቀች። «ለአላህ ብሎ ነው አለሽ! ሰማሽ ሳፊያ? በል ሐጂ፣ ለአላህ ብለህ አርሂባ መልሰን፤ ቅጠልያው ሎሚ ነው የተሻለው።»

ቤት ስገባ ለእናቴ ከሰስኳት። ነጅማ ሰው አታከብርም፣ አላህ ይቀጣታል አልኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዝና ነው ብዬ እኔው አጽናናኋት።

በመብረዙም የሐጂው ትሕትና ወሰን አጣ። ላይኛውን መከዳ ለአው አብዶሽ ለቅቆ፣ ራሱ በሩ ሥር፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። ወደ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ጫማውን የሚያወልቀው ጉልበቱ አጠገብ ነው።

«አባ፣ እየው ሐጂን፤ ራሱን ዝቅ ያደረገ ከፍ ይላል አይደል?» አልኩት ለአባቴ፣ ከኡስታዜ የተማርኩትን እያስታወስኩ።

አባቴን ትን አለው።

በታኅሣሥ መጨረሻ መኪናዋ በገዛ ሞተሯ ተነሣች። ያ የጀልባ ድምፅ ጠፋ። ከዒዱ በኋላ፣ ነጅማ በምትወጣበት ጠዋት፣ ባንቴ ከወደብ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ዘይቱን አየ፤ ውሃውን አየ፤ ጆሮውን ሳይሆን እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ።

«ምን ትላለህ?» አለ አባቴ።

«አሁን አውቃለሁ። ደኅና ናት፤ ድሬዳዋ ታደርሳለች።»

ነጅማ አባቷ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀምጣ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ባንቴን በስሙ ጠርታ አመሰገነችው። ሐጂ ዘይድ በራሱ መኪና ውሃና መሣሪያ ጭኖ እስከ ድንበሩ ከኋላዋ ተከተላት። እኔ ግን የተሰናበትኩት ሐጂውን ነው፤ እጁን ሳምኩ። ባንቴን ዘወር ብዬ አላየሁትም። ዛሬ ወደ ዶራሌ ወደብ የሚተመውን የከባድ መኪና ሰልፍ ባየሁ ቁጥር የሾፌሮቹን ፊት እመረምራለሁ። እስካሁን አላገኘሁትም፤ ባገኘው የምለውንም ገና አላዘጋጀሁም።

ሐጂ ዘይድ የሞተው በ2017 ነው። በለቅሶው ቤት፣ በሴቶቹ መካከል ተነሥቼ፣ በልጅነቴ ያየሁትን ደግነቱን በዝርዝር መሰከርኩ። አምስት ወር በነፃ እንዳመላለሰን፣ ላይኛውን መቀመጫ ለታላቁ እንደ ለቀቀ፣ ብረቱን አጥቦ እንደ መለሰ ሁሉ ተናገርኩ። ልጆቹ አለቀሱ። ጥቂት አሮጊቶች መሬት መሬት አዩ። እናቴ ቤት እስክንደርስ ዝም ብላ፣ በሩን ከዘጋች በኋላ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ለልጆቹ ሲሉ ነገሩን እርሱ በሕይወት እስካለ እንዲሸፈን አስምለው ነበር። እኔም ከተሸፈነላቸው ልጆች አንዷ ሆኜ ኖሬያለሁ።

ፍርዱ ይህ ነበር። ሞተሩን እንዲመልስ፤ የኮማንዳኑን ቀብድ እንዲመልስ፤ የናፍጣውን ሞተር መልሶ እንዲወስድና ዋጋውን እንዲከፍል፤ መኪናዋን በራሱ ወጪ እንደ ነበረች እንዲያደርግ፤ እስክትጠገን ድረስ በገዛ መኪናው የየቲሟ ሾፌር እንዲሆን፤ እርሷ ያለችው ቦታ ሁሉ ያለ ቃል እንዲያደርሳት፤ በምትሄድበትም ቀን እስከ ድንበር እንዲሸኛት። ይህ በአምስት ወር ተፈጸመ። የመጨረሻው ግን የጊዜ ገደብ አልነበረውም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ዱዓ እንዳያደርግ፣ ከጫማዎቹም አጠገብ እንዳይነሣ ተፈረደበት። ዐሥራ ስምንት ዓመት በሩ ሥር ተቀመጠ። ዱዓውን ሌላ ሰው አደረገ፤ እርሱ አሚን አለ።